በ463 ሚሊዮን ዶላር ተሠርተው በ19 ሚሊዮን የተሸጡት መርከቦች

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2003 በካናዳ ምዕራብ ጫፍ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሦስት መርከቦች ለሐራጅ ቀረቡ። አሮጌ አልነበሩም። የመጀመሪያዋ ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ አልሠራችም። ሦስተኛዋ ደግሞ አንድም ጊዜ መደበኛ አገልግሎት ሳትሰጥ ነው ለሐራጅ የደረሰችው። ሕዝቡ በግብሩና በዕዳው 463 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ አውጥቶባቸዋል። በዚያን ቀን ሦስቱም ተጠቃለው የተሸጡት በ19.4 ሚሊዮን ነው። ለእያንዳንዱ መቶ ዶላር አራት ዶላር ተመለሰ ማለት ነው።

ሌብነት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ነገር ግን ኦዲተሩም ሆነ ጋዜጠኛው አገላብጦ ያየው ይህ ታሪክ በዋናነት የሌብነት ታሪክ አይደለም። ጥሩ ሐሳብ የነበራቸው ሰዎች፣ ቴክኖሎጂው በእርግጥ የሚሠራ መርከብ፣ ችሎታ ያላቸው ብየዳ ሠራተኞች የተሳተፉበት ነው። ለዚህም ነው ዝርዝሩን ማየት የሚያስፈልገው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ኩባንያው። ቢሲ ፌሪስ የተወለደው ከአድማ ነው። ቫንኩቨር ከተማና ቫንኩቨር ደሴት ስማቸው ቢመሳሰልም በመካከላቸው የጆርጂያ ሰርጥ የሚባል ባሕር አለ። የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ቪክቶሪያ ደግሞ ደሴቱ ላይ ናት። እስከ 1958 ድረስ ሰውና መኪና የሚያሻግሩት ሁለት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት የሁለቱም ሠራተኞች አድማ መቱና ደሴቱ ከዋናው መሬት ተቆረጠ። በወቅቱ ፕሪሚየር (የክፍለ ግዛቱ መሪ) የነበሩት ደብሊው ኤ ሲ ቤኔት በነፃ ገበያ የሚምሉ ወግ አጥባቂ ነበሩ። ሶሻሊስቶችን ሲያወግዙ የኖሩት እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ የመንግሥት የመርከብ ድርጅት ያቋቋሙት። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፦ መርከቡ መንገድ ነው፣ መንገድ ደግሞ በአድማ ሊዘጋ አይገባም። በጁን 1960 ሁለት መርከቦች ሥራ ጀመሩ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ድርጅቱ በዓለም ካሉት ታላላቅ የፌሪ ድርጅቶች አንዱ ሆነ።

የቤኔት መርከቦች አንድ ጠባይ ነበራቸው። አይቸኩሉም። ከብረት የተሠሩ፣ ሰፊ፣ እጅግም የማያምሩ ግን ለሃምሳ ዓመት የሚያገለግሉ ናቸው። ከዋናው መሬት ከሆርስሹ ቤይ ወደ ደሴቱ ከተማ ወደ ናናይሞ የሚሄዱት 360 ያህል መኪናና ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው ይዘው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይጓዛሉ። ተሳፋሪው ቁርሱን ይበላል፣ ሰገነት ላይ ወጥቶ ተራራውን ያያል፣ ዕድለኛ ከሆነም ዓሣ ነባሪ ይመለከታል።

አሁን ታሪኩ ወደ ሌላኛው የዓለም ጫፍ ይሻገራል፣ ወደ አውስትራሊያዋ ታዝማኒያ። ፈጣኑ መርከብ ከዚያ ነው የመጣውና።

ጃንዋሪ 5 ቀን 1975 ምሽት ላይ የዚንክ ማዕድን የጫነች ሌክ ኢላዋራ የተባለች መርከብ በሆባርት ከተማ የታዝማንን ድልድይ ምሰሶዎች መታች። የድልድዩ አንድ ክፍል ተደረመሰ፣ መርከቧም እዚያው ሰጠመች። መኪኖች ከተቆረጠው ድልድይ ወደ ወንዙ ወደቁ። 12 ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። በወንዙ ምሥራቅ ዳርቻ የሚኖረው ሠራተኛ ቢሮው ከፊቱ እየታየው ለመድረስ ግን በመኪና ረጅም ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግዴታው ሆነ። በዚያ ቀን ጥቂት ትናንሽ ጀልባዎች የነበሩት ሮበርት ክሊፎርድ የተባለ ሰው ነበር። ድልድዩ ተጠግኖ በ1977 እስኪከፈት ድረስ የከተማውን ሰው ሲያመላልስ ኖረ።

ክሊፎርድ ከዚህ ሥራ የተማረው ነገር አለ። ጀልባ ትርፍ የሚያመጣው ቶሎ ሲመላለስ ነው። ድልድዩ በተከፈተበት ዓመት የመጀመሪያውን ካታማራን ሠራ። ካታማራን የሚለው ቃል ከደቡብ ህንድ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የታሰረ እንጨት» ነው። ሁለት ቀጫጭን አካል ጎን ለጎን ሆነው ከላይ በመድረክ ይያያዛሉ። አንድ ወፍራም መርከብ ውሃውን እየገፋ ሲሄድ ሁለቱ ቀጫጭኖች እንደ ቢላ ይሰነጥቁታል። በብረት ፈንታ ቀላሉን አልሙኒየም ሲጠቀሙና በፕሮፔለር ፈንታ ውሃ ስቦ በኃይል ወደ ኋላ የሚተፋ ፓምፕ ሲገጥሙለት፣ መርከቡ በአውራ ጎዳና ላይ እንዳለ መኪና ይፈጥናል። ዋጋው ደግሞ ነዳጅ ነው፤ ከዚያም በላይ ክብደት። በእንዲህ ዓይነቱ መርከብ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቶን ከፍጥነቱ ይቀነሳል። ይህ ነጥብ በኋላ ይመለሳል።

የክሊፎርድ ኩባንያ ኢንካት ተባለ። አካሄዱ መታየት አለበት፦ ትንሽ ሠራ፣ ሸጠ፣ ስህተቱን አየ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ሠራ። እንዲህ እያለ አሥራ ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው ሆቨርስፒድ ግሬት ብሪቴን የተባለችው 74 ሜትር መርከብ የወጣችው። በጁን 1990 አትላንቲክን በ3 ቀን ከ7 ሰዓት ከ54 ደቂቃ አቋርጣ ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችው ታላቅ የመንገደኞች መርከብ ከ1952 ጀምሮ ይዛ የቆየችውን ክብረ ወሰን ሰበረች። መኪና የምታመላልስ ፌሪ መሆኗ ነው ብዙዎችን ያናደደው። ከዚያ በኋላ ካታማራን ፋሽን ሆነ። በአውሮፓም በደቡብ አሜሪካም ያሉ ኩባንያዎች ለመግዛት ተሰለፉ።

ፋሽኑ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የደረሰው በ1994 ነው።

በዚያ ዓመት ጁን ላይ የኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ መንግሥት ሚኒስትር የነበረው ግሌን ክላርክ ዕቅዱን ይፋ አደረገ። ሦስት ፈጣን ካታማራኖች ይሠራሉ፣ ጠቅላላ ወጪው 210 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ እያንዳንዳቸው 70 ሚሊዮን። የሚሠሩትም እዚያው ነው። ከሠራተኛ ማኅበር ቤት የወጣው ክላርክ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ የነበረ፣ ጉልበቱ የማያልቅ፣ ተናግሮ የሚያሳምን ፖለቲከኛ ነው። የነበረበትም ችግር እውነተኛ ነበር። የክፍለ ግዛቱ የመርከብ ሠሪዎች ሁለት ትልልቅ ፌሪዎችን አስረክበው ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ሠራተኛው ሊበተን ነው። አዲስ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ክላርክ አንድ ሳይሆን ሦስት ነገር በአንድ ድንጋይ ለመምታት ፈለገ። ለመንገደኛው ፍጥነት፣ ለሠራተኛው ሥራ፣ ለክፍለ ግዛቱ ደግሞ አዲስ ኢንዱስትሪ። ሦስቱ መርከቦች ለማሳያ ይሆናሉ፣ ከዚያ ለዓለም ይሸጣል ተባለ። ለዚሁ ተብሎ ካታማራን ፌሪስ ኢንተርናሽናል የሚባል ተቀጥላ ኩባንያ በቢሲ ፌሪስ ሥር ተቋቋመ። ስሙን ልብ ይሏል፤ ገና አንድ መርከብ ሳይሠራ «ኢንተርናሽናል» ሆነ።

ችግሩ የጀመረው ከቁጥሩ ነው። 210 ሚሊዮኑ የወጣው የመርከቦቹ ንድፍ ሳያልቅ ነበር። ንድፉ ከአውስትራሊያ ተገዛ፤ ግን መርከቡ በዚያ ንድፍ ውስጥ ቀድሞ ከተሠራው እጅግ ከፍ ያለ ነው። ርዝመቱ 122 ሜትር፣ 250 መኪናና 1,000 ያህል ሰው የሚጭን፣ አራት ግዙፍ የጀርመን ሞተሮች ያሉት፣ በ37 ኖት (በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚሄድ። በጊዜው በዓለም ካሉት ትልልቅ ካታማራኖች ተርታ ነበር። የአካባቢው መርከብ ሠሪዎች ደግሞ ዕድሜያቸውን የፈጁት ብረት ላይ ነው። አልሙኒየም ሌላ ጠባይ አለው። ሙቀት ሲያገኘው ይጣመማል፣ ብየዳው ንጽሕና ይፈልጋል፣ የብረት በያጅ እንደገና መሠልጠን አለበት። ሆባርት አሥራ ሰባት ዓመት የወጣችውን መሰላል ቫንኩቨር በአንድ እርምጃ ጫፉ ላይ ልትቆም ነው።

ግንባታው ተጀመረ። ክፍሎቹ በተለያዩ ግቢዎች ተሠርተው ኖርዝ ቫንኩቨር ላይ ይገጣጠማሉ። ንድፉ እየተሳለ፣ ያው ክፍል እየተበየደ፣ ንድፉ ሲቀየር የተበየደው እየፈረሰ። ወጪው ማደግ ጀመረ። ክላርክ በ1996 ፕሪሚየር ሆነ፣ ምርጫም አሸነፈ። ስለዚህ ፕሮጀክቱን የጀመረው ሰው አሁን ፕሮጀክቱን ሊያስቆም የሚችለው ብቸኛ ሰው ነው። የድርጅቱ ቦርድ የተሾመው በመንግሥት፣ መርከቡን የሚያዝዘው መንግሥት፣ መርከቡን የሚሠራው ኩባንያ የድርጅቱ ልጅ። ገዢውም ሻጩም ተቆጣጣሪውም አንድ ቤት ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። «ዋጋው ተወዷል» የሚል ሰው ለማን ነው የሚናገረው?

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። የመጀመሪያዋ መርከብ ፓሲፊካት ኤክስፕሎረር በ1998 ውሃ ነካች፣ መንገደኛ መጫን የጀመረችው ግን በ1999 በጋ ነው፤ ከተባለው ዓመታት ዘግይታ። ሁለተኛዋ ዲስከቨሪ ተከተለች። ሦስተኛዋ ቮየጀር ስትጠናቀቅ ግን ነገሩ ሁሉ አብቅቶ ነበር።

ፍጥነቱ አልዋሸም። መርከቦቹ በእርግጥ ይከንፉ ነበር። ሌላው ሁሉ ነው ያልሆነው።

አንደኛው ማዕበል ነው። ይህን የሚያክል አካል በዚያ ፍጥነት ሲያልፍ ከኋላው የሚቀሰቀሰው ማዕበል የባሕሩ ዳርቻ ላይ ያሉ ሰዎችን መትከያና ግንብ መታ፤ የዳርቻው ነዋሪ ጮኸ። መፍትሔው? መርከቦቹ በዳርቻ አካባቢ ቀስ እንዲሉ ታዘዘ። ለፍጥነት 460 ሚሊዮን የወጣበት መርከብ ቀስ በል ተባለ።

ሁለተኛው ግንድ ነው። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ባሕር የእንጨት ኢንዱስትሪ ባሕር ነው፤ የሚንሳፈፍ ግንድና ስብርባሪ አይጠፋበትም። ውሃ ስበው የሚተፉት ፓምፖች ስብርባሪውንም አብረው ሳቡ። ሞተሮቹ ታመሙ፣ ጉዞ ተሰረዘ። ይህ ባሕር ከ1960 ጀምሮ የድርጅቱ ቤት ነው፣ ግንዱም እንግዳ አልነበረም።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ዋናው፣ ወደቡ ነው። ከሆርስሹ ቤይ እስከ ናናይሞ ከ55 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ ርቀት ፈጣኑ መርከብ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚያተርፈው። መንገደኛው የሚማረረው ግን ውሃ ላይ ባለው ጊዜ አልነበረም። በበዓል ሰሞን ወደቡ ላይ ተሰልፎ አንድ መርከብ ሞልቶ ሲያልፈው፣ ሁለተኛውን ሲጠብቅ በሚያጠፋው ጊዜ ነው። ያንን የሚያቃልለው ብዙ መኪና የሚጭን መርከብ ነው። ፓሲፊካቶቹ ደግሞ የሚጭኑት ከአሮጌዎቹ ያነሰ ነው፣ 250 በ360። ክብደት ጠላታቸው ስለሆነ ከባድ የጭነት መኪና እንደ ልብ አይወጣባቸውም፤ አጫጫኑም ሚዛን እየተጠበቀ ስለሆነ ይዘገያል። ውሃው ላይ የተረፈው ደቂቃ ወደብ ላይ ተመልሶ ይበላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

መንገደኛውም አልወደዳቸውም። ቦታው ጠበበው፣ የሚወጣበት ሰገነት ጠፋው። ተራራውን የሚያየው ከመስታወት ጀርባ ሆነ።

በኦክቶበር 1999 የክፍለ ግዛቱ ዋና ኦዲተር ጆርጅ ሞርፊት ሪፖርቱን አወጣ። ርዕሱ እንኳ ስለ መርከብ ብቻ አይደለም፤ ስለ አስተዳደርና ስለ አደጋ ስጋት አያያዝ ነው። ግኝቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ውሳኔው የተሰጠው አማራጮች በቅጡ ሳይታዩ ነው፣ በጀቱ የታወጀው ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ነው፣ ለወሳኞቹ የቀረበው መረጃ ስጋቱን አሳንሶ ነበር፣ ቦርዱም የቦርድ ሥራ አልሠራም። ኦዲተሩ ያገኘው ባለሙያዎች ዝም ያሉበትን ወይም ሲናገሩ የማይሰሙበትን አሠራር ነው። እንዲህ ያለው ሪፖርት የሚያስቆጣ ወንጀለኛ ስለማይሰጥ ብዙ ሰው አያነበውም። የሚጠቅመው ግን እሱ ነው።

ክላርክ ሪፖርቱ ሲወጣ በሥልጣን ላይ አልነበረም። በኦገስት 1999 ለቅቋል፤ የለቀቀው ግን በመርከቦቹ ሳይሆን ከአንድ የቁማር ቤት ፈቃድ ጋር በተያያዘ ምርመራ ነው። ተከሶ በ2002 ፍርድ ቤት ነፃ አውጥቶታል። ተተኪዎቹ በ2000 መርከቦቹ ከሥራ ወጥተው እንዲሸጡ ወሰኑ፣ ከቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን የድርጅቱን ዕዳም መንግሥት ተሸከመ። በሜይ 2001 ምርጫ ከዚያ በፊት 39 መቀመጫ አሸንፎ የነበረው ገዢ ፓርቲ ከ79 መቀመጫ ሁለት ብቻ ቀረው። ለውድቀቱ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ወደብ ላይ ታስረው የቆሙት ሦስት ነጫጭ መርከቦች ያህል ተቃዋሚውን ያገለገለ የምርጫ ፖስተር አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። መርከቦቹን ያሠራው አንዱ ፓርቲ ነው፣ በ19.4 ሚሊዮን የሸጠው ግን ሌላው፣ የጎርደን ካምቤል መንግሥት ነው። ገዢ እየጠፋ ለዓመታት መቆማቸው እውነት ነው። ቢሆንም የቀድሞው መንግሥት ኪሳራ በበዛ ቁጥር ለአሁኑ መንግሥት ወሬው ይጥማል። እንዲህ ባለ ጊዜ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ የሚደክም ማን ነው? ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ከሰረ ማለት ይቻላል፣ አንዴ በችኮላ ግንባታ፣ አንዴ በችኮላ ሽያጭ።

ገዢው የአካባቢው ትልቅ የመርከብ ኩባንያ ዋሽንግተን ማሪን ግሩፕ ነው። ስድስት ዓመት ይዟቸው ቆየ። በ2009 ለአቡ ዳቢው ኩባንያ አቡ ዳቢ ማር ሸጣቸው፤ በሌላ ግዙፍ መርከብ ጀርባ ላይ ተጭነው ወደ ኤምሬቶች ሄዱ። በ37 ኖት እንዲከንፉ የተሠሩት መርከቦች ከአገር የወጡት ታዝለው ነው።

ካታማራን ራሱ ግን አልሞተም፣ ወደ እኛም ሰፈር ደርሷል። የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል በ1999 ለኢስት ቲሞር ዘመቻ አንድ የኢንካት ፌሪ ተከራይቶ ወታደር ሲያመላልስበት አሜሪካኖች አዩና ተከተሉ። በ2003 ሆባርት የወጣችው ስዊፍት የተባለች ካታማራን ለአሥር ዓመት ያህል ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ካገለገለች በኋላ ለየመን ጦርነት በኤምሬቶች እጅ ገባች። ከአሰብ ወደብ እየተነሳች ቀይ ባሕርን ስታቋርጥ ቆየች። ኦክቶበር 1 ቀን 2016 ሌሊት በባብ ኤል መንደብ አቅራቢያ የሁቲዎች ሚሳኤል መታት። ፊቷ ተቃጠለ፤ የተገለባበጠ ጥቁር አልሙኒየም የሚያሳየው ፎቶ በዓለም ዞረ። ለዕለት መንገደኛ የታሰበ ቀላል መርከብ ሚሳኤል ባለበት ባሕር ላይ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ታየ።

የቢሲ ፌሪስን ነገር በተመለከተ፣ ድርጅቱ በ2003 ከመንግሥት ቀጥተኛ ትእዛዝ ወጥቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ እንዲሆን ተደረገ። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ ሁለተኛ ሚኒስትር መርከብ እንዳያዝዝ። ቀጣዮቹን ሦስት ትልልቅ መርከቦች በጨረታ ለጀርመኑ ፍሌንስቡርግ ሰጠ። በ2007 እና በ2008 ደረሱ፣ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ብዙ መኪና ይጭናሉ፣ እስካሁንም ይሠራሉ። ክላርክም አልጠፋም፤ ከፖለቲካ ወጥቶ የቢሊየነሩ ጂም ፓቲሰን ድርጅት ውስጥ ገባና እስከ ፕሬዝዳንትነት ደረሰ። የግል ኩባንያ ውስጥ ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ነበር ይባላል።

በጁን 2025 ቢሲ ፌሪስ አራት አዳዲስ መርከቦችን ለቻይናው ዌይሃይ መርከብ ሠሪ መስጠቱን አስታወቀ። የፌዴራል ሚኒስትሯ ክሪስቲያ ፍሪላንድ ቅሬታቸውን በደብዳቤ ገለጹ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ጮኹ፣ «ለምን እዚህ አልተሠራም?» የሚለው ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተነሳ። የኩባንያው መልስ አጭር ነበር፤ አንድም የካናዳ መርከብ ሠሪ ለጨረታው ዋጋ አላቀረበም። ካላቀረቡት አንዱ ያ በ19.4 ሚሊዮን ሦስቱን ፓሲፊካቶች የገዛው ኩባንያ ነው፤ አሁን ስሙ ሲስፓን ይባላል፤ ግቢው ኖርዝ ቫንኩቨር ነው።